ጤነኛ ነን ብለህ ጻፍልኝ

ጎንደር፣ መስከረም 19 ቀን 1996 ዓ.ም.

በሩቅ አገር ሆኖ ለማይረሳኝ ለወንድሜ ለአለምነህ፣

የአባቶቻችን አምላክ አንተንም፣ ሚስትህን ጥሩንም፣ ልጆቹንም በሰላም ያሰንብትልኝ። እኔ ይክበር ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ። ክረምቱ ከአገሩ ወጥቷል፤ ከእኔ ቤት ግን ገና አልወጣም። ጣራው በሦስት በኩል ስለሚያፈስ አልጋዬን ከጥግ ወደ ጥግ ስጎትት ከረምኩ። ምነው አታስጠግነውም ትለኝ ይሆናል። ይህን የቀሐ ማዶ ቤት ስከራይ "ለሦስት ወር ነው" ብዬ ነበር የገባሁት። እነሆ ስምንተኛ ዓመቴን ያዝኩ። ነገ ለሚሄድ ሰው ማን ቆርቆሮ ይገዛል?

ተራ የምንጠብቅበት ግቢ እንደተውከው ነው። ጠዋት ጠዋት ሰሌዳው ላይ ወደ እስራኤል እንዲሄዱ የተጠሩት ስም ይለጠፋል። ማንበብ የሚችለው አንብቦ ይመለሳል፤ የማይችለው እኔን አስነብቦ ይመለሳል። አምቦበር ያለው ቤታችን የሰው ሆኗል። ብረት ሥራውንም እንደ ነገሩ ነው የምሠራው፤ ለአዘዞ ገበያ ማረሻና ቢላዋ እቀጠቅጣለሁ፤ ከዚያ የበለጠ ነገር ለመጀመር ፈራሁ። ሚስት ማግባትም ፈራሁ፤ ያገባ ሰው ፋይሉ እንደገና ከሥሩ ይታያል ይላሉ። አንዲት ሸጋ ሴት ነበረች። መጠበቁ ሰለቻትና የእንፍራንዝ ሰው አገባች።

ይህን ደብዳቤ የያዘልህ ጎረቤቴ ፋንታሁን ነው፤ ስሙ ተጠርቶ ሊሄድ ነው። በፖስታ ስላልሆነ በግልጽ ልጻፍ። አንተ በሚስትህ ወገን ስምህ ሲጠራ ወለላ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ እናቷ ከሞተች ዓመት አልሞላትም። "ልጅህ ናት ብለህ አስመዝግባት፤ እኔም ብዙ ሳልቆይ እደርሳለሁ" አልኩህ። እኔም እዚህ የጉዞ ቢሮው ገብቼ "ልጅ የለኝም" ብዬ ፈረምኩ። እሷ እንኳ ታምልጥ ብዬ ነው። አሁን ደግሞ እዚያ ልጅ ያለው አባት ይቀድማል ሲሉ እሰማለሁ። በገዛ እጄ በሩን በራሴ ላይ ዘጋሁት። አንተ እዚያ ቢሮ ሄደህ እውነቱን ብትናገር ይከሱሃል፤ ባትናገር እኔ እዚሁ ነኝ። ምን እንደምናደርግ ጻፍልኝ። ክረምቱን ደረቴን ይዞኝ ስለነበር ብዙ አሰብኩበት፤ የተኛ ሰው ሌላ ምን ሥራ አለው?

ገንዘብ አልጠይቅህም። ፎቶዋን ላክልኝ። ባለፈው በላክኸው ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ነው የቆመችው።

ወንድምህ ይባረክ


ኢላት፣ ኅዳር 24 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለአያ ይባረክ፣ ከአባቴ ቀጥሎ ለማከብርህ፣

ሰላምታዬ ከዚህ ከቀይ ባሕር ዳርቻ እስከ ቀሐ ማዶ ይድረስህ። የእስራኤል አምላክ ጣራህንም ደረትህንም ይጠብቅልህ። ፋንታሁን ደብዳቤህን በእጄ ሰጠኝ። ሦስት ጊዜ ካነበብኩት በኋላ ጥሩ ወስዳ ሸሸገችው። ቀድሞ ወለላ አማርኛ ማንበብ አትችልም ብዬ እንቅልፌን እተኛ ነበር፤ ዘንድሮ ግን ሰፈራችን ያሉ ቄስ ልጆቹን ሰብስበው ፊደል ያስቆጥሯቸዋል፤ እሷም ከሁሉም ፈጥናለች።

ስለ ቢሮው ጉዳይ እያሰብኩበት ነው።

ሌላ ወሬ ላውራህ። እኔ እንደምታውቀው ሆቴል ውስጥ አንሶላ አጥባለሁ። ለወለላ ክፍል ልጆች አንድ የባሕር ክበብ በነጻ ትምህርት ሰጣቸው። ጀርባቸው ላይ የአየር ሲሊንደር አዝለው፣ ከሲሊንደሩ በቱቦ የሚመጣውን አየር አፋቸው ውስጥ በነከሱት ጎማ እየሳቡ፣ ከባሕሩ ሥር ዓሣ እያዩ ይሄዳሉ። ደንቡ ግን ጠበቅ ያለ ነው፤ ከአሥራ ሁለት ዓመት በታች የሆነ ልጅ አባቱ ወይ እናቱ አብረውት ካልተማሩ አይገባም። ጥሩ ደግሞ ውኃ በባልዲ ስታይ ነው ራሷን የሚያዞራት። እንግዲህ እኔ በአርባ ዓመቴ ከአሥር ዓመት ልጆች ጋር ተማሪ ሆንኩልህ።

እኛ ዘንድ ወንዝ የሚወረደው ለመንጻት ነበር፤ አባታችን ሲጫወትበት አላየሁም። የመጀመሪያው ትምህርት በገንዳ ውስጥ ነው። ውኃው ደረቴ ድረስ ብቻ ነው፤ እኔ ግን የገንዳውን ጠርዝ ጨብጬ አልለቅም አልኩ። ልጆቹ ሳቁብኝ። ወለላ አልሳቀችም፤ ጣቶቼን አንድ በአንድ አላቀቀችና "አባዬ፣ ትንፋሽህን አትያዝ። ዋናው ሕግ እሱ ነው። ብትፈራም ተንፍስ" አለችኝ። ጎማውን ነክሼ ዝቅ ስል ድምፁ የአባታችንን ወናፍ መሰለኝ፤ ሲስብ፣ ሲተፋ። አያ፣ እዚያው ውኃ ውስጥ አለቀስኩ። ደግነቱ ማንም አያውቅብህም።

የሚሄዱት ሁለት ሁለት እየሆኑ ነው። አንዱ አየር ቢያልቅበት ሌላው ከራሱ ያካፍለዋል። የወለላ ጓደኛ እኔ ነኝ። "አባዬ" ባለችኝ ቁጥር አንድ ነገር ልቤን ወጋ ያደርገኛል፤ ይህንንም ዕወቅልኝ።

አሁን ወደ ብርቱው ጉዳይ ልምጣ። ባሕር ከመግባታችን በፊት የጤና ወረቀት ይሞላል። ከልጅቷ ወላጆች አስም ወይም የትንፋሽ ማጠር ያለበት አለ ወይ ይላል። ያለበት ቤት ልጅ ሐኪም ሳያያት አትወርድም፤ ከታች ሆና ትንፋሿ ቢዘጋ ትሞታለች ብለውናል። የእኔን ጤና ብጽፍ ለእሷ ምን ይፈይዳል? ደረቴን ይዞኝ ነበር ያልከው ምንድን ነው? ወለላስ ሕፃን ሳለች ሳል ነበራት? እናቷ ስትሞት እኔ ሁመራ ሰሊጥ አጨዳ ነበርኩ፤ በምን እንደሞተች ደፍሬ ጠይቄህ አላውቅም። እዚህ ከመጣች ወዲህ ምንም ታማ አታውቅም። ባሕር የምንገባው ሚያዝያ ላይ ነው፤ ከዚያ በፊት መልስህ ይድረሰኝ።

ፎቶዋን ልኬልሃለሁ። አሁን ወዳንተ ዞራለች፤ የውኃው መነጽር ግን ግማሽ ፊቷን ሸፍኖታል።

ታናሽህ አለምነህ


ጎንደር፣ የካቲት 11 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአለምነህ፣

ሰላምና ጤና ከቤትህ አይታጣ። ደብዳቤህ የደረሰኝ ጥር ሊያልቅ ሲል ነው። ፖስታው ጫፉ ተቀዷል፤ ሰው ከፍቶት ይሁን በመንገድ ተቀዶ እንጃ። ስለዚህ እኔም ተጠንቅቄ ነው የምጽፈው።

ፎቶውን አየሁት። ልጅህ ሸጋ ሆናለች። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይላሉ፤ እኔ የካቲት ላይ ሰማሁ። ውኃ ሥር መተንፈስ! አንተ የቀሐን ወንዝ በድንጋይ ላይ ስትሻገር እንኳ እጄን ትይዝ እንዳልነበር።

ስለ ጤናው ጠይቀሃል። እንግዲህ ጻፍ። ደረቴን ይዞኝ ነበር ያልኩህ ተራ ብርድ ነው፤ ፌጦ ጠጥቼ ለቀቀኝ። አስም የሚባል በዘራችን የለም። ሟቿንም የገደላት ወባ ነው። ልጅቷም ሕፃን ሳለች አንድ ቀን ሳል ይዟት አያውቅም።

የባሕር ክበብ ነው ይበሉህ እንጂ ወረቀት ከወረቀት ይገናኛል አለምነህ። ዳኛው የሚባለውን ሸማኔ ታስታውሰዋለህ? እዚህ ለሐኪም ቀርቦ "ትንፋሽ ያጥረኛል" አለ። ያን ዓመት ስሙ ከሰሌዳው ጠፋ። በደረቱ ምክንያት ነው ሲሉ ሰማሁ፤ እውነት ይሁን ሐሰት የሚያውቅ የለም። ከዚያ ወዲህ ግን ግቢው ውስጥ በሰው ፊት ሳሉን የሚለቅ ሰው አላየሁም። የመጣበት ሰው አፉን በጋቢው ይዞ ወደ ሽንት ቤት ይሮጣል። አንድ ቀን ሰባት ሆነን ተራ ስንጠብቅ ተያየንና ሳቅን፤ ሳቁም ወደ ሳል ዞረብን። እና ማንም በምንም ወረቀት ቢጠይቅህ መልሳችን አንድ ነው፤ ሁላችንም ጤነኞች ነን።

ስለ ቢሮው "እያሰብኩበት ነው" የምትል አንዲት መስመር ላክህልኝ። ስምንት ዓመት ሲታሰብልኝ ኖሬአለሁ። አልቆጣም። ከአባት በቀር አይገባም ካሉ ግን አባቷ አንተ ነህና ግባ።

ወንድምህ ይባረክ


ኢላት፣ ግንቦት 9 ቀን 1996 ዓ.ም.

አያ ይባረክ፣

ሰላምታውን አሳጥሬዋለሁ፤ ይቅር በለኝ። በመጀመሪያ ወለላ በሕይወት አለች። ይህን ያዝና ቁጭ ብለህ ቀሪውን አንብብ።

ደብዳቤህ እንደደረሰኝ "ሁሉም ጤነኞች ናቸው" ብዬ ወረቀቱን ሞልቼ ፈረምኩ። ሚያዝያ 24 ቀን ባሕር ገባን፤ አራት ልጆች፣ አራት ወላጆችና አስተማሪዋ። ሁለት ቀን ሸጋ ሆነ። ወለላ ከእኔ ፊት ፊት ትሄዳለች፤ ዘወር ብላ ደህና ነህ ወይ ትለኛለች በጣቷ፤ እኔም ደህና ነኝ እላታለሁ። እዚያ ታች ለመጀመሪያ ጊዜ ያቺን ልጅ የዋሸኋት መሆኔን ረሳሁ። በሦስተኛው ቀን ስምንት ሜትር ወረድን።

እዚያ ቆመች። ዓይኗ መነጽሩ ውስጥ ሰፋ፤ እጇን ዘርግታ ታወዛውዛለች፤ "ደህና አይደለሁም" ማለት ነው። የሚወጣው አረፋዋ እየሳሳ መጣ። ተጠጋኋትና ድምፁን ሰማሁት፤ አየሩን ስትስብ ደረቷ ያፏጫል። ያን ድምፅ አውቀዋለሁ አያ። ልጆች ሆነን በአንድ ቁርበት ስንተኛ ካንተ ደረት ይወጣ የነበረ ድምፅ ነው። ረስቼው ነበር ብልህ እዋሻለሁ። አንተ ጤነኛ ነኝ ብለህ ስትጽፍልኝ ማመኑ ቀለለኝ እንጂ አልረሳሁትም።

በአንድ ጊዜ ወደ ላይ መውጣት አማረኝ። ግን አይቻልም፤ ፈጥኖ የወጣ ሰው ሳንባው ይቀደዳል። ብርሃኑን ከላይ እያየኸው ቀስ እያልክ ነው የምትደርስበት። እኔ በአንድ ወገን፣ አስተማሪዋ በሌላው ይዘናት፣ እኔ ስተነፍስ አይታ እንድትተነፍስ ደረቴን እያሳየኋት ወጣን። ከንፈሯ ጠቁሮ ነበር።

ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሙ "ከወላጆቿ አስም ያለበት ማን ነው?" አለኝ። ወደ ወለላ ዞርኩ። ደግሞ ጠየቀኝ። ወለላ አየር መስጫው ፊቷ ላይ እንዳለ ታየኛለች። "አባቷ አለበት" አልኩ። "አንተ አስም አለብህ ማለት ነው?" አለ። "እኔ አጎቷ ነኝ። አባቷ ጎንደር ነው" አልኩት። ያልኩት በዕብራይስጥ፣ እሷ ከእኔ ይልቅ አሳምራ በምትሰማው ቋንቋ ነው።

ሁለት ቀን ፊቷን አዙራብኝ ተኛች። በሦስተኛው ቀን "ስሙ ማን ነው?" አለችኝ። ነገርኳት።

ነገሩ ወደ ቢሮው ደርሶ ተጠራሁ፤ ሁሉንም ተናገርኩ። በእኔ ላይ የሚወስኑትን ገና አላሳወቁኝም። ያንተ ፋይል ውስጥ ግን "ልጅ የለኝም" ብለህ የፈረምከው ወረቀት ተገኘ። "ይህ ሰው ሐሰት ስለ ፈረመ ጉዳዩ ከመጀመሪያ ይጀመራል" አሉኝ። እንድናገርልህ የፈለግከውን አደረግሁልህ፤ ደርሶም ጎዳህ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ እኛ ላይ ግን የነጋው በመብረቅ ነው።

አልወቅስህም፤ ፊርማው የእኔ ነው። አንድ ነገር ብቻ ጻፍልኝ። እናቷ በምን ሞተች?

አለምነህ


ኢላት፣ ጥቅምት 3 ቀን 1997 ዓ.ም.

አያ ይባረክ፣

ዘመኑ የዕርቅ ይሁንልን። አምስት ወር ሙሉ መልስ አጣሁ። ሰፈርህ ያለው ስልክ ቤት ደወልኩ፤ ልጅቱ "አቶ ይባረክ የሉም" አለችኝ፤ ከኋላዋ ግን ሳልህን ሰማሁት። ከዚያ ወዲህ አልደወልኩም። እኔን እስካሁን ከአገሩ አላባረሩኝም፤ በየወሩ እየጠሩ ያንኑ ይጠይቁኛል። አብሮኝ ያለውን ወረቀት ወለላ ራሷ ጽፋዋለች። አላረምኩትም።

አለምነህ

ለአቶ ይባረክ፣

ሰላም ነው? እኔ ወለላ ነኝ። አማርኛ መጻፍ ትንሽ ነው የምችለው። ስሰማ ግን ሁሉንም እሰማለሁ።

አንደኛ ተናድጄ ነበር። አሁን ትንሽ ተናድጃለሁ። አጎቴን አሁንም አባዬ እለዋለሁ፤ እርስዎን ምን እንደምል አላውቅም።

ሐኪሙ ባሕር አትገቢም ብሏል። እኔ ግን እንደገና መግባት እፈልጋለሁ። ከታች ማንም ከየት ነሽ አይለኝም። ማንም ፀጉሬን አይነካም። ሁሉም ሰው እኩል ዝም ይላል። ክበቡ አዲስ ወረቀት ሰጠኝ፤ ትክክለኛው አባት ይሙላው አሉ። አባት ጤነኛ ከሆነ የእኔ አንድ ቀን ብቻ የመጣ ነው ተብሎ እንደገና ያዩኛል። ጥያቄዎቹን ወደ አማርኛ ገልብጬ ልኬዋለሁ።

ስለዚህ እባክዎ እንደ ባለፈው ጤነኛ ነን ብለው ይጻፉልኝ። እኔ ለማንም አልናገርም። ለእርስዎም ቢሮ ይጠቅማል።

መጨረሻ ላይ የአባት ስም የሚል ቦታ አለ። እሱን ባዶ ትቼዋለሁ።

ወለላ


ጎንደር፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለልጄ ለወለላ፣

እግዚአብሔር ትንፋሽሽን ይጠብቅ። ከዚህ ሌላ የምመርቅሽ ምርቃት አሁን አይመጣልኝም። "ልጄ" የሚለውን ቃል ወረቀት ላይ ካሰፈርኩት ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ።

ለአጎትሽ ያልመለስኩት ተቆጥቼ አይደለም፤ አፍሬ ነው። ስልክ ቤቱ ውስጥ "የለም በይው" ያልኩትም እኔ ነኝ። ልጁን በቀለም ሊገድል የደረሰ ሰው ስልክ አንስቶ ምን ይላል? ለአለምነህ ይህን ንገሪው፤ ባሕር ውስጥ ይዞሽ የወጣው እሱ ነው፤ አባዬ ማለትሽን አትተዪ። ይገባዋል።

ጤነኛ ነን ብለው ይጻፉልኝ አልሽኝ። ለእኔ ከዚህ የሚቀል ነገር የለም። ለጠየቀኝ ሁሉ ዘጠኝ ዓመት ስመልስ የኖርኩት ይህንኑ ነው፤ ሐኪም ቢጠይቀኝ፣ ጸሐፊ ቢጠይቀኝ፣ ጎረቤት እንደምን አደርክ ቢለኝ ጤነኛ ነኝ። የገዛ ወንድሜ የልጄን ነፍስ ይዞ ሲጠይቀኝም ያንኑ መለስኩ። ወረቀትሽን ከፊቴ አኑሬ ሦስት ቀን አየሁት። ጤነኛ ብዬ ብሞላው አንቺም ደስ ይልሻል፣ እኔም ከቢሮው ፊት እነጻለሁ። ሁለታችንም የምንፈልገው ያንኑ መሆኑ አስፈራኝ።

እንግዲህ እንደ ጠየቅሽኝ ልመልስ። ከወላጆች አስም ያለበት አለ ወይ ይላል። እኔ አለብኝ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ። ክረምት ሲመጣ ተቀምጬ ነው የማድረው። በዚህ የሞተ አለ ወይ ይላል። እናትሽ። ስሟ ይታይሽ ነው፤ ድምፀ ቀጭን፣ ተረበኛ ሴት ነበረች። ወባ ያልኩት ውሸት ነው። አምቦበር ሳለን በሐምሌ ዝናብ ትንፋሽ አጠራት፤ ማኪና አጥተን በቃሬዛ ይዘናት ስንወጣ ከተማው ሳይታየን አለፈች። ልጅቷስ ይላል። አንቺም ሁለት ዓመትሽ ላይ ደረትሽ ያፏጭ ነበር፤ እስኪለቅሽ ድረስ ትከሻዬ ላይ አቁሜ እይዝሽ ነበር። ይህን አንቺ አታስታውሽውም። እኔ ግን ለአጎትሽ "አንድ ቀን ሳል ይዟት አያውቅም" ብዬ ስጽፍ ትከሻዬ ያስታውሰው ነበር።

ስለዚህ የለመንሽኝን አልጽፍልሽም። ሐኪሙ እውነቱን አይቶ ግቢ ካለሽ ግቢ። እኔ ዋሽቼ አላስገባሽም። እንደ አባት አንድ ነገር አድርጌልሽ አላውቅም፤ የመጀመሪያው ክልከላ መሆኑ አንጀቴን ይበላዋል። ተቆጪኝ። ቁጣሽን ጽፈሽ ላኪልኝ፤ እሱንም ደስ ብሎኝ አነበዋለሁ።

የሞላሁትን ወረቀት ገልብጬ እዚህ ግቢ ላለው ቢሮም ሰጠሁ። ጸሐፊው አነበበና "አቶ ይባረክ፣ ይህን ካስገባህ ሁለተኛ ልትጠራ አትችልም ይሆናል፤ እርግጠኛ ነህ?" አለኝ። ስምንት ዘጠኝ ሰው ከኋላዬ ተሰልፏል። ልመልስለት አፌን ስከፍት ሳሉ መጣ። አፌን አልያዝኩም፤ እዚያው በሁሉም ፊት ለቀቅሁት። ከሰልፉ ውስጥ አንድ ሌላ ሰውም ሳለ።

ከዚያ ወጥቼ ስምንት ቆርቆሮ ገዛሁ። ጣራው ሲመታ የሰሙ ጎረቤቶቼ "ይባረክ ተስፋ ቆረጠ" እያሉ ነው። እኔም አልቆረጥኩም አልላቸውም፤ አላውቀውምና። አልጋዬ ግን አንድ ቦታ ረግቷል።

የአባት ስም የሚለውን ባዶ ትተሽልኛል። "ይባረክ" ብዬ ሞልቼዋለሁ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሳልዋሽ የሞላሁት የመጀመሪያው ወረቀት ነው።

አባትሽ